ለቦራ የተነገረ

ባለፈው ታኅሣሥ ከጎንደር ወደ አምባ ጊዮርጊስ ስሄድ የአውቶቡሱ ጎማ መንገድ ላይ ተነፈሰና ሁላችንም ወርደን ቆምን። ነፋሱ ከማሳው በኩል ሲመጣ አዲስ የተለቀለቀ አውድማ ሸተተኝ። እበት ብቻ አይደለም ያ ሽታ፤ እበትና እርጥብ አፈር አንድ ላይ ፀሐይ ሲመታቸው፣ የገብስ ገለባም ሲጨመርበት የሚመጣ ነው። አጠገቤ የቆመች ወጣት አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ግን ከሰዎቹ ተለይቼ ወደ አውቶቡሱ ተመለስኩ። ሌላው ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመጣበት ደስ ይለዋል ይላሉ፤ እኔ ለዚያ አልታደልኩም። በዚያ ሽታ የሚመጣብኝ አንድ በጋ ሙሉ እንቅልፍ የነሳን የአያ ፈንታ አውድማ ነው።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። አባቴ የዘራውን ገብስ ሳያጭድ፣ መስከረም ላይ ለሥራ ወደ ዛሪማ ወርዶ ንዳድ ያዘውና እዚያው ቀረ። ከሁለቱ በሬዎቻችን አንዱ ለተዝካሩ ታረደ። የቀረነው እናቴና እኔ ነን፤ የቀረን አንድ በሬ፣ አንዲት አህያና ዘመድ ተሰብስቦ አጭዶ የከመረልን ገብስ ነበር። ያ ክምር እስከ መጪው ዓመት የምንበላው ነው፤ ሌላ ምንም አልነበረንም። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም፤ እናቴ ጠዋት ጠዋት ክምሩን ዞር ዞር እያለች ስታየው ገባኝ።

የእኛ ማሳ ዳገት ስለሆነ አውድማ አይወጣውም። አባቴ በየዓመቱ ነዶውን በአህያ እየጫነ ከወንዝ ማዶ ዘመዶቹ ዘንድ ወስዶ ነበር የሚያበራየው። እናቴ ለዚያ አቅሙ አልነበራትም። ከግቢያችን ጀርባ ደግሞ፣ ከእሾህ አጥሩ ወዲያ፣ በአገሩ ሁሉ የተመሰገነ ሜዳ አውድማ ነበረ። ችግሩ አውድማው የአያ ፈንታ መሆኑ ነው።

አያ ፈንታና አባቴ በወሰን ተካስሰው ነበር። ክርክሩ ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። በመጨረሻ ጎንደር ላይ ለአባቴ ተፈረደ፤ አያ ፈንታም አገሩ እንደተመለሰ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሞ፣ ከቅዳሴ የወጣው ሕዝብ ሁሉ እየሰማ፣ ከዚያ ቤት ሰው ጋር ቃል ብለዋወጥ፣ ለነሱም እሺ የሚል ቃል ከአፌ ቢወጣ ጊዮርጊስ ይፍረድብኝ ብሎ ማለ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያገኘን ፊቱን ያዞራል። አባቴ ሲሞት እንኳ ለቅሶ መጣ፤ ከሰው ኋላ ቆሞ አለቀሰ፤ እግዜር ያጽናችሁ ሳይል ሄደ።

እኔ በልጅ አእምሮዬ እሺ የሚለው ቃል ከአፉ እንደ ጥርስ የተነቀለ ይመስለኝ ነበር። ደግሞ በእርግጥ ከፊት አንድ ጥርሱ የለችም። የቃሉ ቦታ ያ ነው ብዬ አመንኩ። ባገኘሁት ቁጥር አፉን ነበር የማየው፤ አንዴ ይህን ሳደርግ አይቶ ሲገላምጠኝ ቤት እስክደርስ ሮጥኩ።

ሌላም የሚያስፈራኝ ነገር ነበረው፤ ከበሬው ጋር ያወራል። ሰው ሁሉ ሲያርስ በሬውን ሃ! ይላል፤ እሱ ግን ቦራ ከሚባለው ግንባረ ነጭ በሬው ጋር እንደ ጎረቤት ነበር የሚያወጋው። ለብቻው የሚያወራ ሰው ልክፍት አለበት ሲባል ሰምቼ ስለነበር፣ ድምፁን ከሩቅ ስሰማ ከእናቴ ቀሚስ ሥር እገባ ነበር።

አንድ ቀን እናቴ ደጅ ቁጭ ብላ ስትፈትል አያ ፈንታ አውድማውን ሊለቀልቅ መጣ። ሣሩን ፋቀ፤ ውሃ አርከፈከፈ፤ ቦራንና ጓደኛውን እያዞረ አፈሩን አስረገጠ፤ ከዚያ እበቱን በእጁ እየለቀለቀ ዞረ። እኛ በአጥሩ ቀዳዳ እናያለን። ዓምና ካቆመበት ቦታ ሲደርስ ተነሣና ወገቡን ይዞ ቆመ። ወደ እኛ ቤት አላየም። ወደ ሰማይ አየ። ከዚያ ተመልሶ ጎንበስ አለና ወደ እኛ አጥር፣ ወደ እኛ ወገን፣ መለቅለቁን ቀጠለ። የእናቴ እንዝርት ቆመ። እሱ ጨርሶ እስኪሄድ ድረስ ዓይኗን ከቀዳዳው አላነሣችም። ማታ ራት ስንበላ ብቻ፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ ሳይታወቅ፣ ሰፋ አድርጎታል አለች።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤታችን ሰላም አጣ። ለማን ነው ያሰፋው? አያ ፈንታ ልጅ የለውም፤ እህሉም ካምናው አይበልጥም። ለእኛ ከሆነ፣ ገብሳችን ተረፈ። ለእኛ ካልሆነና እናቴ ነዶዋን ይዛ ከገባች ግን፣ መሬቱን በፍርድ የወሰዱበት ሰዎች አውድማውንም ሊቀሙት መጡ ይባላል። ያውም ሴት ብቻዋን አውድማ መርገጧን የማይወዱ ሰዎች ባሉበት አገር። ሄዳ እንዳትጠይቀው፣ ብትጠይቀው እሺ ማለት አይችልም፤ እሺ ካላለ ደግሞ መከልከሉ ነው። ጠይቃ ከተከለከለች በኋላ መግባት ሌላ ነገር ይሆናል። ስለዚህ ዝም ብላ ምልክት ትጠብቅ ነበር። ነፍስ አባታችን ቄስ ሞገስ ዘንድ ሄዳ አማከረቻቸው፤ እሳቸውም የሰው ልብ ውስጥ ያለውን እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው ብለው መለሷት። ስትመለስ ከሄደችበት ይልቅ ፊቷ ጠቁሮ ነበር።

በአውድማውና በግቢያችን መካከል አንዲት ማለፊያ ነበረች፤ በደረቀ የእሾህ ቅርንጫፍ የተዘጋች። እሾኹን የሚያስቀምጠውም የሚያነሣውም አያ ፈንታ ነው። ልቅልቁ በደረቀ ማግስት ጠዋት እሾኹ ተነሥቶ ወደ ጎን ተጥሎ አገኘነው። እናቴ አማተበች። ለነገ ነዶ ልናወርድ መሰላል አቀረብን። በማግስቱ ጠዋት ግን እሾኹ ቦታው ተመልሷል። መሰላሉን መለስን። እናቴ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም፤ እኔም ተቆጥታኛለች ብዬ ጥግ ይዤ ዋልኩ። ለካ ጥጃ ገብቶ ልቅልቁን ስላበላሸበት ኖሯል የዘጋው። ልቅልቁን ጠግኖ እሾኹን መልሶ አነሣው። ይህን ሁሉ የተረዳነው በአጥሩ ቀዳዳ እያየን ነው። እናቴ ግን ከዚያ ወዲህ እሾኹን ብቻ አላመነችውም። ከሰውዬው ጋር ሁለት ቃል ቢለዋወጡ የሚያልቅ ነገር ነበር እኮ፤ ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል፤ ያን ጊዜ ግን መፍራት እንጂ መናደድ አላውቅበትም ነበር።

ደመናው ደግሞ መጣ። ያለ ወቅቱ፣ ከሰሜን ተራሮች በኩል፣ ከሰዓት በኋላ እየጠቆረ ይመጣና ሳይዘንብ ይበተናል። እናቴ ክንዷን እስከ ብብቷ ክምሩ ውስጥ እያስገባች ትዳብስ ነበር። ክንዷን ስታወጣ ታሸተዋለች። እኔም እንደ እሷ አሸተትኩ፤ ሙቀትና እርጥበት ያለው፣ እንደ ብቅል ያለ ሽታ ነበር። ምንድን ነው አልኳት። ጤዛ ገብቶበት መብቀል ጀምሯል አለችኝ። እኔ የበቀለ ነገር ሁሉ ደግ ነገር ይመስለኝ ስለነበር ደስ አለኝ፤ ፊቷን ሳይ ግን ደስታዬን ዋጥኩት።

በዚያው ሰሞን አንድ ቀን ሲመሻሽ አያ ፈንታ በሬዎቹን ነድቶ በደጃችን አለፈ። በደጃችን ማለፍ አያስፈልገውም፤ መንገዱ በወዲያ ነው። ልክ ከበራችን ፊት ለፊት ሲደርስ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ቦራ፣ ነገ ከወንዝ ማዶ እርሻ ነን። ቀን ሙሉ አንመለስም። አውድማው ባዶውን ይውላል፤ ፀሐዩም ሸጋ ነው።»

ልክፍቱ ተነሣበት ብዬ ከእናቴ ኋላ ተሸሸግሁ። እናቴ ግን ዓይኗ በርቶ ወደ ጨለመው መንገድ ታያለች።

«በሬው እርሻውን ያውቀዋል» አለች። «ታዲያ ለምን ይነግረዋል?»

በማግስቱ ፀሐይ ሳትጠነክር ነዶውን ማውረድ ጀመርን። እሾኹ ተነሥቷል። በሰፋው በኩል፣ በእኛ ወገን ጫፍ ላይ፣ ነዶ የሚገለብጡበት መንሽና እህል በነፋስ የሚያዘሩበት ላይዳ ተጋድመው ነበር። እናቴ መንሹን ነካችው፤ መለሰችው፤ አማትባ እንደገና አነሣችው። ከዚያ እኔን ወደ ጎን ወስዳ የአውድማ ወግ አስተማረችኝ፤ በአውድማ ላይ ጮኾ መጣላት የለም፣ እህል መዝለል የለም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አለቀ የሚባል ቃል የለም። ሲያልቅ በረከተ ነው የሚባለው። አለቀ ካልሽ በረከቱ ሰምቶ ይሄዳል አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ያ ቃል አምልጦኝ እንዳይወጣ ከንፈሬን ነክሼ ዋልኩ።

በሬያችንንና አህያችንን አጣምረን አዞርን። የእኔ ሥራ በሬው ጭራውን ባነሣ ቁጥር ሮጬ እበቱን እህሉ ላይ ሳይወድቅ በገለባ መቀበል ነበር። ትኩስ ነው፤ ያንሸራትታል፤ አንዳንዴም ይቀድመኛል። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ውሻ በጮኸ ቁጥር እናቴ ቆማ ትሰማለች፤ እሷ ስትቆም እኔም እቆማለሁ፤ እኛ ስንቆም በሬውም ይቆማል። እንዲህ እየቆምን፣ እየፈራን፣ እኩለ ቀን ላይ ከነዶው የሚበዛው ተረግጦ ነበር።

ሰው የመጣው ያን ጊዜ ነው። ይርጋ ይባላል፤ የአያ ፈንታ የወንድም ልጅ ነው፤ ጎንደር ከአንድ ሹም ቤት ያደረ፣ ኮት የሚለብስ፣ በብብቱ ቦርሳ የሚይዝ። አጎቱ ልጅ ስለሌለው ቤቱም መሬቱም አንድ ቀን የእሱ እንደሚሆን ይናገር ነበር። እናቴን እታለም ማለት ሲገባው አንቺ አላት። ማን ፈቅዶልሽ ነው እዚህ የገባሽው ብሎ ጠየቃት።

«አውድማው ሰፍቶ አየሁት» አለች እናቴ።

ይርጋ ሣቀ። አጎቴ ያሰፋው የእኔ ስንዴ ስለሚመጣ ነው፤ አንቺ ማን ሆነሽ ነው አላት። ያለ ፈቃድ ሰው አውድማ ላይ የገባ እህልም ለባለ አውድማው ነው አለ። እናቴ ሌላውን ነገር ሁሉ ልታስረዳው ትችል ይሆናል፤ ይህ ግን ራሷም ስትፈራው የከረመችው ነገር ነው። መንሹን ልታነሣ ጎንበስ ስትል ይርጋ ቦርሳውን መታ አደረገና፣ «በንጉሥ አምላክ! ይህን እህል እንዳትነኪ» አላት።

ያን ጊዜ ይህ ከተባለ ሰው ባለበት ይቆማል፤ ዳኛ ወይም ሽማግሌ ሳያይ አይነቃነቅም። እናቴ እጇን ሰበሰበች። እኔ ንጉሡ በዚያ ቦርሳ ውስጥ ያለ መሰለኝ። ይርጋ እህላችን አጠገብ ቁጭ ብሎ ቦርሳውን ጭኑ ላይ ሲያኖረው፣ ብንቀሳቀስ ከውስጥ ያየኛል ብዬ ትንፋሼን ዋጥኩ። ከተራራው በኩል ደመናው ሲነሣ አየሁ። ያን ቀን አልተበተነም። የተረገጠው ገብስ ሜዳ ላይ ተሰጥቷል፣ ዝናብ ይመጣል፣ እኛ ደግሞ መንካት አንችልም። እናቴ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ነበር፤ አምልጠዋት እህሉን እንዳይሰበስቡ የፈራች ትመስል ነበር።

ጎረቤት ሮጦ ቄስ ሞገስንና ሁለት ሽማግሎችን ጠራ። ሌላ ሰው ከወንዝ ማዶ አያ ፈንታን ሊጠራ ሄደ። ሽማግሎቹ ከአውድማው ዳር ካለው የኮሶ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። አያ ፈንታ በሬዎቹን ከነቀንበራቸው ነድቶ ሲመጣ የመጀመሪያዎቹ የነጎድጓድ ድምፆች ተሰሙ። እህሉን አየ፤ ይርጋን አየ፤ እኛን ግን አላየም።

ቄስ ሞገስ ወዲያው ጠየቁት። ለዚህች ሴት አውድማህን ፈቅደህላታል ወይ?

አያ ፈንታ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። መሐላውን የማያውቅ እዚያ ማንም አልነበረም። እሺ ብያታለሁ ካለ በጊዮርጊስ ፊት ማለቁ ነው፤ አላልኩም ካለ ደግሞ እኛ አለቅን። ቄስ ሞገስ ደግመው ጠየቁት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰና ቆመ። እኔ ያችን የጎደለች ጥርሱን አስብ ነበር፤ ቃሉ የለውም፣ ከየት ያመጣዋል እያልኩ። ይርጋ ተነሣና፣ ዝም ካለ አልፈቀደም፣ ነገሩ አለቀ አለ። አውድማ ላይ ቆሞ አለቀ አለ። እናቴ ስትደነግጥ አየሁ፤ ከዚያ ግን ድንጋጤው ድፍረት የሰጣት ይመስል ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሽማግሎቹ ቀረበች።

«አባቴ፣ ፈቀደልኝ አልልም፤ በአፉ ያለኝ ነገር የለም» አለች። «ከልክሎኝ እንደሆነ ግን ጠይቁልኝ።»

ሽማግሎቹ ተያዩ። አያ ፈንታ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ለቄሱ አልመለሰላቸውም፤ ወደ ቦራ ዞረና ቀንበሩን እያወለቀለት መናገር ጀመረ።

«ቦራ፣ ይህን አውድማ ከአምናው አስፍተን ስንለቀልቅ የረገጥከው አንተ ነህ። የይርጋ ስንዴ ይመጣል ሲባል ሰምተህ ነበር? እኔ ዛሬ ነው የምሰማው። ሰው የሚከለክለውን ቦታ በእሾህ ይዘጋል። እኔ እሾኹን ያነሣሁት ለማን ነው?»

ቦራ ጆሮውን አርገበገበ። አያ ፈንታም ሁለቱን በሬዎች ይዞ ወደ አውድማው ገባና በእኛ ነዶ ላይ አዞራቸው። ይርጋ፣ በንጉሥ አምላክ ብያለሁ እኮ ብሎ ጮኸ። ቄስ ሞገስ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉና፣ የተባለችው እሷ ናት እንጂ ቦራ አይደለም አሉት። ሽማግሎቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ይርጋ አጎቱ ዞሮ እንኳ እንዳላየው ሲገባው ቃሌን አንሥቻለሁ አለና ቦርሳውን ይዞ ሄደ። እኔ ንጉሡን ይዞልን በመሄዱ ብቻ እፎይ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሩጫ ነው። ዝናቡን የሚነዳው ነፋስ ቀድሞ ደረሰ፤ ለማዝራት ከዚያ የተሻለ ነፋስ አይገኝም። አያ ፈንታ ላይዳውን ያነሣል፤ ገለባው ወዲያ ይበራል፤ ገብሱ እግሩ ሥር ይዘንባል። እናቴ ታፍሳለች፤ እኔ የአቁማዳውን አፍ እይዛለሁ፤ አህያዋ ትመላለሳለች። ጀርባውን ሰጥቶን ነበር የሚሠራው፤ አንዴም ወደ እኛ አልዞረም፤ ሲፈልገን ግን ቦራን ጠጋ በል፣ ቦራን ፈጠን በል ይለዋል፤ እኛም እንጠጋለን፣ እንፈጥናለን። ጉሮሮዬ አቧራ ሞልቶት፣ ዓይኔ እያለቀሰ፣ አሁን ይመጣል አሁን ይመጣል እያልኩ ሰማዩን አያለሁ።

የመጨረሻው አቁማዳ አህያዋ ላይ ሲወጣ የመጀመሪያው ጠብታ ግንባሬ ላይ አረፈ። ቀን ሙሉ ነክሼ የያዝኳት ከንፈሬ ያን ጊዜ ከዳችኝ።

«አለቀ!» ብዬ ጮህኩ።

እናቴ ቀጥ ብላ ቆመች። ቄስ ሞገስም ካሉበት ቀና አሉ። አያ ፈንታ ላይዳውን እንደያዘ፣ ጀርባውን እንደሰጠን፣ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ቦራ፣ በአውድማ ላይ አለቀ አይባልም። በረከተ ነው የሚባል።»

ቦራ ገለባውን እየበላ ነበር። የሚመልስለት ማንም አልነበረም፤ ለታላቅ ሰው ደግሞ አለመመለስ ነውር ነው ብላ ያሳደገችኝ እናቴ ናት።

«እሺ፣ አያ» አልኩት።

እናቴ አፌን ልትይዝ እጇን ዘረጋች፤ ዘግይታ ነበር። አያ ፈንታ በግማሽ ዞረ። ያችን ባዶ የጥርስ ቦታውን አየኋት፤ እየሣቀ ነበር። ወዲያው ፊቱን መለሰና በሬዎቹን ነድቶ በዝናቡ ውስጥ ሄደ። እሾኹን ግን አልመለሰውም።